ቀዩ ስፌት

ግራጫው ብርድ ልብስ ዛሬም እናቴ ሣጥን ውስጥ አለ። ሦስት የስፌት መስመሮች አሉበት፤ በቀይ ክር፣ በቁጣ የተሰፉ። ባየሁት ቁጥር አባቴ እንደ አዲስ ያናድደኛል።

በስድሳ ስድስቱ ረሀብ፣ ማሽላችን ሳያሽት ደርቆ ከብቶቻችንም ካለቁ በኋላ፣ ቆቦ መጥተን መንገድ ዳር ተጠለልን። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ገና ድክ ድክ የምትል እህቴ ሩቂያ። የተሰጠን ብርድ ልብስ ግን አንድ ነበር። የቆላ ሰው ሙቀቱን ያማርራል እንጂ ብርድን ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ ሜዳ ላይ ላደረ ረሀብተኛ ግን የጥቅምት ንጋት ምሕረት የለውም።

አባቴ በመንደራችን ቅርጫ ሲገባ ሥጋውን የሚመድበው ሰው ነበር። በእሱ መደብ ያጉረመረመ የለም። ብርድ ልብሱንም እንደ በሬ አየው። ተራ በተራ አስተኝቶ በክንዱ ለካንና ለየቁመታችን በቢላዋ ቆረጠው። ትልቁ ለእሱ፣ ሚጢጢዋ ለሩቂያ ደረሰች። እንዳይበድላት ብሎ ሲለካት እግሯን ሳይቀር ዘርግቶላት ነበር።

ሲነጋ ሩቂያ መንቀጥቀጧን እንኳ ትታ ዝም ብላለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። እናቴ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ልጅቷ እስክታለቅስ ድረስ አሸቻት።

«ለቁመቷ ይበቃት ነበር እኮ» አለ አባቴ ግራ ገብቶት። «ሸፍኗታል።»

«ሸፈናት እንጂ አሞቃት? ድስትና ስኒ እኩል ይበርዳሉ? አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ቅርጫ አስገባሃት?»

«የእኔን ብሰጣት አድልዎ ይሆናል።»

«አዳላ። ማን ይከስሃል?»

መርፌ ከጎረቤት ተዋሰች፤ ከቀሚሷ ጥልፍ ቀይ ክር መዝዛ ቁርጥራጩን መልሳ ገጣጠመችው። ከዚያ ወዲያ ሩቂያን መሀል አድርገን አንድ ላይ ተኛን። ሞቋት አደረች። አባቴ ከዳር ሆኖ እግሩ ውጭ ያድራል፤ ድርሻዬ ተነካ ማለቱን ግን አልተወም።

ካደግሁ በኋላ፣ ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ማንበብ ስለማመድ፣ አንድ የተቀዳደደ የሳይንስ መጽሐፍ እጄ ገባ። ሙቀት የሚወጣው በቆዳ በኩል ነው ይላል፤ ትንሽ ገላ ደግሞ ከሥጋው አንጻር ቆዳው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል። እየሮጥኩ ሄጄ ለአባቴ አነበብኩለት።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ከቤት ወጣች።

ዛሬ ሩቂያ ራሷ ወልዳለች። አባቴ ደግሞ አዲስ ሕግ አውጥቷል፤ ለትንሽ ሁሉ ድርብ። በቆቦ የግንቦት ቀትር፣ እኛ በሙቀት አየር አጥሮን ስንቃትት፣ ጋቢውን አጥፎ የልጅ ልጁ ላይ ይደርባል። ትንሽ ገላ ቶሎ እንደሚበርድ ሁሉ ቶሎ ይግላል ብዬ ስንቴ ነገርኩት። ሩቂያ ትገልጠዋለች፤ ዞር ስትል መልሶ ያለብሰዋል።

«አባ፣ ልጁ አላበው እኮ» ትላለች፣ ምርር ብሏት።

ያን ጊዜ ለሁሉም በክንዱ ለክቶ የቆረጠ ሰው አሁን መለኪያው ጠፍቶበታል። ጋቢውን ስትመልስለት ይቀበላትና ጭኑ ላይ አጥፎ፣ ከሕፃኑ ሥር ሳይነሳ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል።