ከምሳ በኋላ የጠፋው ድረ ገጽ

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ የኪቦርዴ ቁልፎች ተጣብቀው ጠበቁኝ። በመካከላቸው የታኘከ ቅጠል ገብቷል። ጠረጴዛዬ ላይ የጫት ገራባ፣ የለውዝ ገለባና ግማሽ የቀረ ለስላሳ አለ። ማን ተቀምጦበት እንደዋለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠረጴዛውን በሶፍት ጠረግሁ፤ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብሁ።

ጭሮ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ከታይፕ ጸሐፊነት ተነሥቼ ድረ ገጽ እስከማስተዳደር ደርሻለሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ የሚያውቁ ያውቁታል። ገጹ ላይ የባለጉዳዮች የቀጠሮ ዝርዝር ይወጣል፤ ራቅ ካለችው ከበደሳ የሚመጣ ሰው በስልክ አይቶ በቀኑ ብቻ ይመጣል። ሥራዬ በኮምፒዩተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ነበር። አንዱ ትእዛዝ ጽሑፉንና ሥዕሉን አጠናቅሮ አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ሌላው ያንን ፎልደር ገጹ ለሕዝብ ወደሚታይበት ሰርቨር ይልካል፤ ፎልደሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ከሰርቨሩ ላይ ይሰርዛል። ስለዚህ ከመላኬ በፊት፣ ምን ሊሰርዝ እንደሆነ እንዲያሳየኝ ብቻ አዘዋለሁ። ከምሳ በኋላም ልኬ አላውቅም። ከምሳ በኋላ ቢሮው ጫት ይይዛል፤ ምርቃና ለገባበት ሰው ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

የኃላፊው የሚስቱ ወንድም ዲግሪውን ይዞ የመጣ ጊዜ በዚህ ልማዴ ሳቀ።

«እትዬ፣ ‹መጀመሪያ አሳየኝ› የፈሪ ነው። ወላሂ፣ እኔ በአንድ መስመር እጨርሰዋለሁ።»

«በጠዋት ጨርሰው» አልሁት።

«በጠዋት ጭንቅላት የት አለ?»

ኃላፊው አብሮት ሳቀ።

ረቡዕ ከሰዓት ለቅሶ ሄጄ ሳለ ባለ ዲግሪው ምርቃናው ሲመጣለት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በአዲስ ልጀምር ብሎ ፎልደሩን ባዶ አደረገ፤ ማጠናቀሩን ረሳና ላከ። መሣሪያው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ፎልደሩ ባዶ ስለነበር ሰርቨሩንም ባዶ አደረገው።

ሐሙስ ቀኑ ሳይጋመስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለእኔ። «በግዴለሽነት» ይላል። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አንድም ነቁጥ በሌለበት ማህደሬ ውስጥ ሊገባ ነው። ወደ ኃላፊው ገባሁ።

«ዋናው ቅጂ እኔ ዘንድ አለ፤ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ። ደብዳቤው ይቀደድ።»

«እርስዎ እናታችን አይደሉ? በእናትና በልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

«ወረቀቱን የጻፍኸው አንተ ነህ።»

«ቶሌ፣ እሺ፤ መጀመሪያ ይመልሱት።»

«መጀመሪያ ይቀደድ።»

አልቀደደም። እኔም አልመለስሁም። ዓርብም ገጹ ባዶውን ዋለ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት የበደሳ ሴት መስኮቴ ላይ ቆመች። ገጹ ቢጠፋባት ቀጠሮዋን ለመጠየቅ ራሷ መጥታለች። መዝገቡን አየሁ፤ ቀኗ ዓርብ ነበር። የሚቀጥለው ባዶ ቀን ሁለት ወር ይርቃል። አልጮኸችም።

«ለመሆኑ ማን አጠፋው?» ብቻ አለችኝ።

የባለ ዲግሪውን በር በጣቴ አሳየኋት። አልዋሸሁም።

ስሞታዋ ኃላፊው ጆሮ ሲገባ ደብዳቤውን ፊቴ ቀደደ፤ ማህደሬ ውስጥ የገባውን ቅጂ አስወጥቼ እኔው ቀደድሁት። ከዚያ ሁለቱም ባሉበት ተቀምጬ አጠናቀርሁ፤ አሳየኝ አልሁ፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ አነበብሁ፤ ላክሁ። ባለ ዲግሪው ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ፣ የትናንቱ ጫት ከአፉ እየሸተተ፣ «አዩ እትዬ፣ ቀላል ነው ያልሁት ይህንኑ ነው» አለኝ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝሁ።

ጡረታ የወጣሁት በንጹሕ ማህደር ነው። ሐሙስ መልሼው ቢሆን ኖሮ ግን ያቺ ሴት ለዓርብ ትደርስ ነበር። እሷ ይህን አታውቅም። እዚህ የጻፍሁትም ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ አይደለም፤ ኃላፊውና ባለ ዲግሪው ሳያወሩት ልቅደማቸው ብዬ ነው።