ቃል እምቢ ያለኝ ጠዋት

ልጅ ሳለሁ የሰው ዓይን ማየት አልችልም ነበር። ዓይን ውስጥ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይጮህብኛል። የምንኖረው ጁባ፣ ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር፣ ከአባቴ የዱቄትና የስኳር ሱቅ ጀርባ ነበር። ሰላም ያለኝ ደንበኛ መልስ ሲያጣ እናቴ ትሸማቀቃለች። «ሐያት፣ ቀና በይ እንጂ! ሰው እኮ እያናገረሽ ነው!» መድኃኒት ፍለጋ ከሼህ ወደ ሼህ ይዛኝ ስትዞር ደክሟት ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ያኔ የማይከብዱኝ ሰው የመጋዘኑ ጠባቂ ጋሽ ጋትዌች ብቻ ነበሩ። ኑዌር ናቸው፤ ጋምቤላ በስደት ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛ ከእኛ እኩል ያወራሉ። ሲመሻሽ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ከጨረሰ፣ በማሾው ብርሃን ከከሰል ምድጃው አጠገብ፣ ፊት ለፊቴ ሳይሆን ጎኔ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ፍሙ ላይ ጥለው ተረት ይነግሩኛል። ጅቡ ዛሬ ሦስት ጊዜ ካንኳኳ ነገም ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ አንድ ቃል ከተለወጠ እንደማለቅስ ስለሚያውቁ አይለውጡም። «ጅቡ ሚስቱን ምን ብሎ ነው የሚጠራት?» ብዬ ስጠይቃቸውም አይስቁም፤ አስበው ይመልሱልኛል።

አስራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ከተማው በተኩስ ተናጠ። ኑዌር የሆነ ሁሉ በዘሩ ይፈለግ ነበር፤ ጋሽ ጋትዌች ደግሞ በወጣትነታቸው ግንባራቸው ላይ የተበጡት የኑዌር ምልክት፣ ስድስት መስመር፣ አይደበቅም። አባቴ መጋዘን ውስጥ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሸሸጋቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ታጣቂዎች የሱቁን በር ደበደቡት።

«ፊ ናስ ጁዋ?» አለ አንደኛው፤ ውስጥ ሰው አለ ወይ ማለቱ ነው።

«ማፊ፣ ማንም የለም» አለ አባቴ። ድምፁ ግን ከዳው።

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ፣ አጎንብሶ ያንኑ ጠየቀኝ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዋሽቼ እንደማላውቅ ታውቃለች። እኔ ግን የጠመንጃው ዘይት ሽታ፣ የበሩ ድብደባ፣ ያ ፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝና ቃል የሚባል ነገር ከውስጤ ጠፋ። መሬት መሬቱን እያየሁ እወዛወዝ ጀመር። ጮኸብኝ። እኔ መወዛወዜን ቀጠልኩ።

«መጅኑን!» አለና ምራቁን ተፋ። እብድ ናት ብሎ ትቶኝ፣ መጋዘኑን ሳይፈትሽ፣ ከሱቁ ሁለት ጆንያ ስኳር ጓደኞቹን አሸክሞ ሄደ።

እናቴ አቅፋኝ አለቀሰች፤ መታቀፍ እንደሚያመኝ እንኳ ረስታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አውቃ እኮ ነው ዝም ያለችው፣ ጀግናዬ!» ትል ጀመር።

መንገድ ሲከፈት አባቴ ጋሽ ጋትዌችን የተፈናቃዮች መጠለያ አደረሳቸው። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ልንጠይቃቸው ሄድን። ከስተዋል። እናቴ የጀግንነቴን ወሬ ስትተርክ እስክትጨርስ ሰሟት፤ ጎረቤት ሰላም ልትል ስትነሳ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሐያት፣ ያን ቀን ቃሉ እምቢ ብሎሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ደክሞሽ ነበር?»

«በጣም።»

«እኔንም ጆንያዎቹ ጀርባ ትንፋሽ እምቢ ብሎኝ ነበር» አሉ።

በኋላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘመዶቻቸው እንደሄዱ ሰማን፤ ከዚያ አላየኋቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ አንዲት ሐኪም ለዚህ ሁሉ ነገሬ ኦቲዝም የሚል ስም ሰጠችው። ስሙ ብዙ ነገር አቅልሎልኛል፤ ሰው ስለ እኔ ለእኔ ሲያስረዳኝ ግን አሁንም ይደክመኛል። ተረቶቹን አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ያልጠፋኝ፣ አንድ ሽማግሌ ምን እንደሆንኩ ሳይነግሩኝ፣ ምን እንደሆንኩ የጠየቁበት ያ ከሰዓት ነው።