አንዱን ይይዘዋል፣ ሦስቱን ይቆርጠዋል

ኮምፒውተሩን በመዶሻ ልለው የተነሣሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ማጋነኔ አይደለም፤ መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ሳልመታው የቀረሁት አዝኜለት ሳይሆን ሆዱ ውስጥ የአባቴ ቅኔ ስለነበረ ነው።

አባቴ ጓሳ አጠገብ ባለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሞላሌ፣ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እኔ እዚሁ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ እሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው በየበዓሉ የዘረፉትን ቅኔ በቃላቸው ይሉልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «በንጉሡ ሠ ነው፤ በእሳቱ አታድርጊው» እያሉ ፊደሌን ያርሙኛል። ሰባ ያህል ደርሰን ነበር።

ከፋሲካ ወዲህ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ ቅኔው። ሰኞ ያስጻፉኝን ማክሰኞ ብጠይቃቸው «የቱን?» ይሉኛል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሌላ የትም የለም፤ አባቴም ዘንድ የለም። «ለምን ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽም?» የሚለኝ ሰው ካለ እባካችሁ ዛሬ አይምጣብኝ። ገልብጬ ነበር። ፍላሹን ትምህርት ቤት ቫይረስ በላው። ከዚያ በኋላ ነገ ነገ እያልኩ ከረምኩ፤ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ያ ኮምፒውተር ከወር በፊት ጀምሮ ድርቅ ይል ነበር። እየጻፍኩ ሳለሁ ቀስቷ መሐል ላይ ቀጥ ትላለች፣ ፊደል ብነካ መልስ የለም። አባቴ ግን አንዱን የቅኔ ቤት ጨርሰው ሌላውን ጀምረዋል።

«ቆዩ አባባ፣ ስታክ አደረገ።»

«ምን አደረገ?»

ምን እንዳደረገ እስካስረዳ ሐሳባቸው ይበናል። አጥፍቼ ሳበራው እሱ ይነሣል፣ የጠፋው ቤት ግን አይመለስም። ስንቱ እንደዚያ እንደቀረ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያን ቅዳሜ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጭራሽ አልነሣም አለ። የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቁሮ ከሆዱ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጮኻል። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ በጥፊ መታሁት። ያው ጩኸት። መዶሻውን ያነሣሁት ያኔ ነው።

ቀልቤን ሰብስቤ መሐል ሜዳ ከተማ ኮምፒውተር ለሚጠግን ሰው ደወልኩ።

«ቲቸር፣ አጯጯሁ እንዴት ነው?»

«ይጮኻል አልኩህ እኮ!»

«እሱ ሲታመም በጩኸቱ ነው የሚናገረው። ስንት ጊዜ ነው? ረጅም ነው አጭር?»

አዳመጥኩና አራት ነው አልኩት። «አራት ከሆነ ቦርዱ ሳይሄድ አይቀርም» አለኝ። ደግሜ ብቆጥር አምስት ሆነብኝ። «አምስት ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ባትደክሚበት ይሻላል» አለኝ። ዓመት ሙሉ ለሰው ልጆች ቁጥር የማስተምር ሴት አንድ ጩኸት መቁጠር አቃተኝ። ንዴቱ ጆሮዬን ደፍኖታል መሰለኝ።

ይኼኔ አባቴ ከመደቡ ላይ «አራትም አምስትም አይደለም» አሉ። «አንዱን ይይዘዋል፣ ሦስቱን ይቆርጠዋል። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዳል።»

ይዘትና ቁርጥ የዜማ ምልክቶች ናቸው፤ የቱ ድምፅ እንደሚረዝም፣ የቱ እንደሚያጥር ይለዩበታል። ስማቸውን የማውቀው በግድግዳ ቀዳዳ ሰምቼ ነው። አባቴ ሦስት ወንድሞቼን አጠገባቸው አስቀምጠው ዜማና ቅኔ ሲያስተምሩ እኔን «ሴት ልጅ የት ማኅሌት ልትቆም ነው?» ብለው ውኃ ይልኩኝ ነበር። ዛሬ ከወንድሞቼ አንዱ ሾፌር ነው፣ አንዱ ዓለም ከተማ ይነግዳል፣ ሦስተኛው ስልክ አያነሣም። አንዲት ቅኔ የጻፈላቸው የለም። «ስትጨርሺ ላኪልን» ይሉኛል፣ እንደ ዳቦ!

«ማን አስተማረኝና ልለየው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ለወንዶቹ አስተማሩ፣ ለእኔ እንስራ ሰጡኝ! አሁን ማን ነው የሚጽፍልዎ? ንገሩኝ እስቲ፣ ማን ነው?»

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩም መጮኹን አላቆመም።

«ልክ ነሽ፣ በድዬሻለሁ» አሉ አባቴ። «አሁን ግን ዝም በይ፣ ደግሜ ልስማው።»

እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ዘንበል አሉ። ሁለቴ ሦስቴ ሰሙት። «አዎ። አንድ ረጅም፣ ሦስት አጭር። አልተሳሳትኩም።»

ለሰውዬው ነገርኩት። «በይ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ራሙ ነው፣ ለጊዜው የሚያስታውስበት ክፍል!» አለ። «ቆሽሿል ወይም ከቦታው ተላቅቋል። ጽሑፍሽ ያለው ሌላ ክፍል ነው፣ አይነካም። ነቅለሽ ክፈችው።»

ገመዱን ነቅዬ፣ ብሎኑን በቢላ ጫፍ ፈትቼ የጎኑን ክዳን አነሣሁ። ውስጡ ጠጉር ነው። ማራገቢያው በበግ ጠጉር ተጀቡኖ መዞሩ ቀርቶ መተንፈሻ የለውም።

መንዝ ብርድ ነው። እኛ ዘንድ የሚወደድ ነገር ሁሉ ከበግ ጠጉር በተሠራ ብርድ ልብስ፣ በባና ይጠቀለላል፤ ሕፃኑም በባና፣ የጠላው እንስራም በባና። እኔም ብርዱና አቧራው እንዳይጎዳው ብዬ ካረጀ የአባቴ ባና ቆርጬ ለኮምፒውተሩ ኮት ሰፍቼለት ነበር። ሲሠራም አላወልቅለትም። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሰው እኮ አይደለም ቲቸር! እሱ የሚፈራው ሙቀት ነው። ድርቅ የሚልብሽም ለዚያ ነው።» ሣቁ ጨጓራዬን ላጠው። ግን ምን እላለሁ? ወር ሙሉ መብራቱን፣ ቫይረሱን፣ ዕቃውን የሸጠልኝን ነጋዴና ወንድሞቼን ስረግም ከርሜ ያፈነው የገዛ እጄ ነው።

ጠጉሩን በቀለም ብሩሽ ጠራረግሁ። ራሟን ቀስ ብዬ መዝዤ፣ ወርቃማ ጥርሷን ሰውዬው እንደነገረኝ በላጲስ አሸሁና በሁለቱም በኩል ቀጭ እስክትል ተጫንኳት። ጸሎት አልቀረኝም። ሰክቼ አበራሁት።

«አንድ አጭር» አሉ አባቴ። «አሁን ዝም አለ።»

መስኮቱ በራ። ሰባውም አለ። ከሁሉ በፊት ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ስለጮኽኩባቸው ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ይልቅ አንዱን ላንብብላቸው ብዬ ገብሱን ውርጭ በመታው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል የዘረፉትን ጉባኤ ቃና መረጥኩ። ሁለት ቤት ናት። ውርጭ ቀድሞ ወዳጨደው ማሳ ማጭድ ይዞ የሄደውን ገበሬ፣ ከቀብር በኋላ በደረሰ ዘመድ ትመስለዋለች። ሲያስጻፉኝ ራሳቸው ነበሩ የፈቱልኝ።

እየተደናቀፍኩ በግዕዙ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ አረሙኝ። ስጨርስ ፊታቸው በራ፤ ሊቃውንቱ ቅኔ ሲጥማቸው እንደሚሉት «ይበል! ይበል!» አሉ። «የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ!»

«የእኔስ አይደለም። እንዲህ ያለ ዘርፌ ብሆን አልረሳውም ነበር።»

«የእርስዎ ነው እኮ አባባ! ራስዎ ነዎት ያስጻፉኝ! ውርጩን፣ ገበሬውን...» ድምፄ እንደገና ከፍ አለ። እንባዬም መጣ፣ በእንባዬም ተናደድኩ።

በዳበሳ እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«አትቆጪ ልጄ» አሉ። «ባለቤቱን ያገኘሽው እንደሆነ፣ አንድ ሽማግሌ ይበል ብሎሃል በይልኝ።»

«እሺ» አልኳቸው። «እነግራቸዋለሁ።»