ከገንዳው በላይ የሰቀልኩት መብራት

እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ወደ ቤት መመለስ ከበደኝ። ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ሳስታምማት ትዳሩም ጓደኛውም አልፎኝ ነበር። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ስታዲየም አካባቢ ያለ ምክንያት እዞራለሁ፤ ሱቅ እገባለሁ፤ ምንም ሳልገዛ እወጣለሁ። በቃ፣ ያንን በር መክፈት አልፈልግም ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንዲት ፈረንጅ አማርኛ የሚያስተምራት ሰው ትፈልጋለች፤ ለምን አትሞክሪም?» አለኝ። የሴትዮዋ ቤት ከእኔ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ አይሆንም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ መልስ መሄድ ጀመርኩ።

ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ነበር። ዓሣ የለበትም። በጨው ውሃ ውስጥ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ከላይ ሰማያዊና ነጭ ፍሎረሰንት ይበራል። በመጀመሪያው ቀን ሳስተምራት ዐይኔ ከገንዳው ላይ አልነሳ አለ።

«ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። ድንጋይ አይደለም፣ ኮራል ነው አለችኝ። አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ እንደ ጣት የቆሙ ወይን ጠጅ ቅርንጫፎች ያሉት፣ አንዱ እንደ እንጉዳይ ለስላሳ፣ ሦስተኛው ረጃጅም አረንጓዴ ጸጉሩን ከውሃው ጋር የሚያወዛውዝ። በሥጋቸው ውስጥ ለዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ይኖራሉ። ዕፅዋቱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉ ከዚያ ይበላል። ይህን በእንግሊዝኛ ካስረዳችኝ በኋላ በዚያው ሳምንት በተማረችው ቃል «መብራት እንጀራው ነው» አለችኝ። ትክክል መናገሯን ስነግራት እንደ ሕፃን ደስ አላት።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን። ከትምህርቱ ይልቅ ወሬው በዛ። በልደቴ ቀን ስልክ የምትደውልልኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ሐሙስ ስገባ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ አገር አዛውሯታል፤ የቀራት ሦስት ሳምንት ነው።

«ኮራሎቹን ትወስጃለሽ?» አለችኝ። «በአውሮፕላን አይሄዱም።»

ሳላስብ እሺ አልኩ።

ድንጋዮቹ በባልዲ፣ ውሃው በጀሪካን ተጭኖ እኔ ቤት ገባ። ገንዳው የእናቴ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ የሚበቃው ቦታ አልነበረም። የተረፈውን ጨው በሙሉ ሰጠችኝ። መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ሞላችልኝ። «በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ። ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ እንዳያገኛቸው» አለችኝ። አቀፈችኝና ሄደች።

ታይመሩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያበራል፤ ምሽት ሁለት ላይ ያጠፋል። ከሥራ ስመለስ፣ ገና ከግቢው በር፣ መስኮቴ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል። ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ነገር ግን ስታዲየም ዙሪያ መንከራተቱን ያስተወኝ ያ መስኮት ነው። ደብተር የማርመው ገንዳው አጠገብ ሆነ። እራቴንም እዚያው።

ከዓመት በኋላ ኮራሎቹ ተለወጡ። ወይን ጠጁ ቡናማ ሆነ። አረንጓዴው ጸጉሩን ወደ ላይ እየለጠጠ ቀጠነ። መብራቱ ለእኔ ዐይን እንደ ድሮው ነው። ግራ ቢገባኝ አንዱን ፍሎረሰንት ነቅዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሰፈሬ ብዙም ሳይርቅ ባምቢስ አካባቢ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ።

ባለ ሱቁ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። አምፖሉን ተቀብለው ጫፉን አዩት።

«ስንት ጊዜ ሠራ?»

«ከዓመት በላይ፣ ጋሼ። ግን አልተቃጠለም።»

«አይቃጠልም። ለዐይን ያው ነው፤ ጉልበቱ ግን አልቋል። እንደ እኛ ነው» አሉ። «ለምንድን ነው የምትፈልጊው?»

ስለ ኮራሎቹ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም። እንዲህ ያለ ሰማያዊ ፍሎረሰንት ለጊዜው እንደሌላቸው፣ መርካቶ አፈላልገው እንደሚያመጡልኝ ነገሩኝ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ጉልበት ካነሳቸው ጉልበት ልስጣቸው ብዬ አሰብኩ።

«እዚህ ካለው ኃይለኛውን ይስጡኝ።»

«ይሄ ፓውዛ ነው፣ የግቢ መብራት። ለቤት ይበዛል።»

«ይስጡኝ ጋሼ።»

ቅዳሜ ፓውዛውን ከገንዳው በላይ አስሬ አበራሁት። ክፍሉ ቀን ሆነ። ውሃው እስከ ታች ሲያብለጨልጭ ደስ ብሎኝ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ጣት መሳዩ ኮራል እንደ ኖራ ነጥቷል። ሥጋው ቀለሙን ጥሎ፣ አጥንቱ በውስጡ ይታያል። አረንጓዴው ተኮማትሮ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል። እናቴ የተኛችበት ቦታ ላይ እንደገና አንድ ነገር እየሞተብኝ ነው አልኩና ካፖርቴን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ለፈረንጇ ጓደኛዬ ጻፍኩላት። «ሁሉም ደህና ናቸው። አድገዋል።» ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ከእሷ ጋር የቀረን ወሬ የእነሱ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል።

ከዚያ ባምቢስ ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ገደልኳቸው» ብዬ አለቀስኩ። ሽማግሌው የሱቁን በር ዘጉ፤ ቦርሳቸውን ይዘው አብረውኝ መጡ። ጎንበስ ብለው ገንዳውን አዩት። ለካ ያን ቀን ሰምተውኝ ኖሯል።

«ብርሃን ነው ምግባቸው አላልሽም፣ ቲቸር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስንት ወር ጾመዋል። እናንተ ሁዳዴን ስትፈቱ ተልባ ትቀምሱ የለ? እኛም በተምር ነው የምንፈታው። ሲርበው የከረመን ሰው በአንዴ ሙሉ ትሪ ብታቀርቢለት ወላሂ ትገድይዋለሽ።»

ፓውዛውን ራሳቸው አወረዱት። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ነጭና አንድ ሰማያዊ ፍሎረሰንት ይዘው መጡ። ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ ሰቀሉልኝ፤ ገመዱን ሳላላው መብራቱ ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ስስበው ከፍ ይላል። መጀመሪያ እጅግ ከፍ አድርገን፣ በቀን አምስት ሰዓት ብቻ አበራን። በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ እናደርገዋለን፤ ግማሽ ሰዓትም እንጨምራለን። ኮራሎቹ ከከፋቸው መልሰን ከፍ ነው።

ሽማግሌው ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸውን ለባለቤታቸው ትተው ይመጡ ነበር። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እምብዛም አንነጋገርም። አንዳንዴ «ዛሬ ትንሽ ወዝ ያለው ይመስላል» ይላሉ፤ አንዳንዴ እኔን ለማጽናናት ብቻ ይሉታል።

ጣት መሳዩ አልተረፈም። ነጩ አጥንት ላይ ቆሻሻ አረንጓዴ ነገር አደገበት፤ አንድ እሑድ ጠዋት በእጄ አወጣሁት። እንጉዳይ መሳዩ በሁለተኛው ወር ቀለሙ ተመለሰ። አረንጓዴው ከሁሉም ዘገየ። አንድ ቀን ደብተር እያረምኩ ቀና ስል ሁለት ጸጉር አውጥቷል። ሌላ ምንም የለም፤ ሁለት ብቻ። የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ ስላልነበረ ወደ ባምቢስ ሮጥኩ።

መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ዘመንም መጣ። የአንድ ቀን ጨለማ እንደማይገድላቸው ተምሬ ነበር፤ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ሲቆም ግን እንዳይረጋ በጆግ እየቀዳሁ መልሼ አፈስ ነበር። በእነዚያ ቀናት መስኮቴ ጨለማ ሆኖ ስመለስ እግሬ ይከብደኛል። ቢሆንም እገባለሁ፤ ሥራ አለብኝና።

ከሄደች በሦስት ዓመቷ ጓደኛዬ ለሁለት ቀን ሥራ አዲስ አበባ መጣች። ምሳ ልጋብዛት ቤቱን ስወለውል፣ መስታወቱን ስጠርግ አደርኩ ማለት ይቻላል። ገባች፤ ሳመችኝ፤ ገንዳውን አየች። አማርኛዋ ዝጎ ነበር።

«አሁንም አለ?» አለችኝ።

«አንዱን ገድዬዋለሁ» አልኳት። ስለ ፓውዛው፣ ስለ ውሸቴ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሁለት ዓመት ያህል የያዝኩት ነገር ነው።

ግራ በመጋባት አየችኝ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰች። ቢበዛ አንድ ወር ይቆያሉ ብላ ነበር የሰጠችኝ። ስትሄድ የሚጥላቸው ሰው ስላጣች፣ ሲሞቱም ማየት ስላልፈለገች ነው። «እንዲህ ትለፊባቸዋለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ ይቅርታ» አለች። በኢሜይል የምጽፍላትንም ለጨዋታ ያህል ነበር የምታነበው።

ምሳችንን በላን። ስለ አዲሱ ሥራዋ አወራችልኝ። ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። በር ላይ ስሸኛት እንደምትጽፍልኝ ነገረችኝ፤ አንድ ጊዜ ጽፋለች።

ከሄደች በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ተቀይሜ ነበር፤ ማለቴ፣ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። አረንጓዴው ጸጉሩን ሁሉ ዘርግቶ ይወዛወዛል። አደራ ነው ብዬ የያዝኩት ለካ አደራ አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው «እንግዲያ ያንቺ ናቸዋ» አሉኝና የገመዱን ቋጠሮ ማጥበቅ ቀጠሉ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፈራችን ለልማት ሊፈርስ ተባለ። ለእኔ የደረሰኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው። ኮራሎቹን እዚያ መውሰድ እነሱን መግደል ነበር። ሜክሲኮ አጠገብ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ለእንግዳ መቀበያው ወሰዳቸው። ስለ መብራቱ አንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ፣ በዓመቱ ያልተቃጠለውም ፍሎረሰንት እንደሚለወጥ፣ ምንም ነገር በአንዴ እንዳይጨምሩ። ሐኪሙ አነበበውና ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ወር ያህል ቆይቼ ሄድኩ። ከታካሚዎቹ መሀል ተቀመጥኩ። ደህና ናቸው፤ መብራቱ በልኩ ነው፤ አረንጓዴው ጸጉሩን ዘርግቷል። አንዲት ሴት ስልኳን ትነካካለች፤ አንድ ሰውዬ ጉንጩን ይዞ ዐይኑን ጨፍኗል። ገንዳውን የሚያይ አልነበረም።

«ተራ ይዘዋል?» አለችኝ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ።

ኮራል ልጠይቅ መጣሁ ማለት አፈርኩ። «አልያዝኩም» አልኳት።

ካርድ አወጣችልኝ። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፤ ደስ የሚል አንድ ሰዓት ነበር። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ሐኪሙ አፌን ከፍቶ ጥርሶቼን አንድ በአንድ አያቸው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። «አሁን ተሻለኝ።»