ሐይቁ አባቴን የረጨበት ቅዳሜ

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ቅዳሜ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል፤ አንድ ጊዜማ ጸሎት መሀል ትዝ ብሎኝ፣ ሳል የያዘኝ መስዬ ሮጬ ወጥቻለሁ። ስም ስለቀየርኩ የሚቀየመኝ አይኖርም።

ያኔ በረከት ከሚባል ልጅ ጋር እንዋደድ ነበር። ሥራው ጀልባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠለትን ባለ ሸራ ትንሽ ጀልባ ይዞ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እንግዳ ያዝናናል። ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ችግሩ አባቴ ነበር።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ቢሮ የሠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ፣ ታቦር ሰፈር የሚከበርም የሚፈራም ሰው ነው። "ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ደግሞ ሥራ ነው?" ይላል። ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ፣ "እሺ፣ መጀመሪያ በዓይኔ ልየው። ካልጣመኝ ግን ሽማግሌ ደጄን እንዳይረግጥ" አለ። ከአባቴ አፍ አንዴ እምቢ ከወጣ ቤተ ዘመድ ቢሰበሰብ አይመልሰውም። እኔ ደግሞ አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም ብያለሁ። እንግዲህ ነገሬ ሁሉ በዚያች ጀልባ ላይ ተንጠለጠለ።

ጀልባዋ ሁሉ ነገሯ ያምራል፤ አንድ ነገር ሲቀር። ሆዷ ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበች መጸዳጃ አለቻት። ከተጠቀሙ በኋላ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለ፤ የሐይቁን ውሃ ይስብና ያለውን ሁሉ ሥር ወዳለው ታንከር ይከታል። ታንከሩ ዳር ሲደረስ ይራገፋል። ይቺ መጸዳጃ ትሸታለች። ትሸታለች ስል፣ ጀልባዋ ዓሣ ገበያው አጠገብ ቆማ እንኳ የሷ ሽታ ተለይቶ ይታወቃል።

በረከት ያላደረገላት ነገር የለም። በረኪና ደፋባት። ሎሚ ቆራርጦ አስቀመጠባት። ከፒያሳ የመኪና ሽቶ ገዝቶ አንጠለጠለባት፤ እሱ ጭራሽ አባሰው።

አባቴ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን በደስታ እየተንተባተበ ደወለልኝ። "አገኘሁት" አለ። "ከጀልባዋ ጎን አንዲት ቀዳዳ አለች። ሽታው የሚወጣው በሷ ነው። በጨርቅ ጠቅጥቄ፣ በላዩ ማስቲሽ ለጥፌ ደፈንኳት።" ሄጄ ባሸት እውነትም ምንም የለም። ጎበዝ አልኩት። ያኔ ቀዳዳዋ ምን እንደሆነች ከሁለታችን ያወቀ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ መጣ። ለጀልባ ከረባት። ሐይቁ ዳር ሻይ ጠጣን፤ በረከትም ያከበረ መስሎት "ጋሼ፣ አንድ ይድገሙ እንጂ" እያለ አስደጋገመው። ከዚያ ወጣን። ነፋሱ ጥሩ ነበር። በረከት ሸራውን ሲዘረጋ፣ ገመዱን ሲስብ፣ አባቴ ዝም ብሎ ያየዋል። ከዳር ራቅ ስንል "እንዲህ ነው እንዴ" አለ። የአባቴን ቋንቋ ለሚያውቅ ይህ ጭብጨባ ነው። ደስ አለኝ።

ወዲያው ነፋሱ ቆመ። ሸራው ተንጠለጠለ፣ ሐይቁ ጸጥ እርጭ አለ። አባቴ ደግሞ መቀመጥ አቃተው። እግሩን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ዳሩን አሻግሮ ያያል። ሻዩ መሆኑ ገባኝ፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? እሱም ልጁን ሊያገባ በሚፈልግ ጎረምሳ ፊት "ሽንቴ መጣ" ከሚል ሐይቁን በዋና ቢያቋርጥ ይመርጣል።

በመጨረሻ በረከት ራሱ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ "ጋሼ፣ ውስጧን አላዩልኝም እኮ" አለ። "መጸዳጃም አላት። ሲጨርሱ እጀታዋን ገፋ ገፋ ማድረግ ነው።"

"እስቲ እሱንም ልየው" ብሎ አባቴ ገባና በሩን ዘጋ።

ፓምፑ ሲገፋ ሰማን። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ጠንከር አለ። አባቴ ሲያምጥ ይሰማናል። ቀጥሎ ከጀልባዋ ሆድ "ቡፍ" የሚል ድምፅ መጣ። የበረከት ፊት አመድ መሰለ። ሽታው ከአባቴ ቀድሞ ወጣ።

አባቴ ውስጥ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ርሷል፣ ከረባቱ አንገቱ ላይ የለም። የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና "ሐይቁ ረጨኝ" አለ።

ነፋስ የለም። ማዕበል የለም። ሰውየው የወጣው በሩ ከተዘጋ ክፍል ነው።

በረከት ወዲያው ተቀብሎ፣ "አዎ ጋሼ፣ እዚህ ጋ አንዳንዴ ይረጫል" አለ።

"ኃይለኛ ነው" አለ አባቴ።

"በጣም እንጂ።"

እኔ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ ከንፈሬን ነከስኩ። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጡብኝ፤ አለቀልን ብዬ ነበር። በረከት መቅዘፊያውን አንስቶ እንደ እብድ መቅዘፍ ጀመረ። ዳር እስክንደርስ ማናችንም አፍንጫችንን ሳንነካ ስለ አየሩ አወራን። አባቴ "ንጹሕ አየር ነው" እስከ ማለት ደረሰ።

በባጃጅ ወደ ታቦር ስንመለስ ሹፌሩ አንዴ እኛን በመስታወት ያያል፣ አንዴ የረገጠው ነገር እንዳለ ጫማውን ገልበጥ አድርጎ ያያል። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"የልጁን ንብረት ሰበርኩበት" አለኝ። "እጀታው እምቢ ሲለኝ በጉልበት ገፋሁት፣ ፈነዳ። ልጁ ገብቶታል እኮ። ገብቶት አላሳፈረኝም። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

የጨርቁን ነገር ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብ አደረግኩና ዘጋሁት።

ማታ በረከት ደወለ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። ጨርቁን ሲነቅለው ቀዳዳዋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች አለኝ። ለካ የታንከሩ መተንፈሻ ናት። እሷ ስትደፈን አየሩ ውስጥ ታምቆ ቆየና፣ አባቴ ፓምፑን ሲገፋ መሄጃ አጥቶ ያለውን ሁሉ ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ድሮም የሚሸተው መተንፈሻዋ በቆሻሻ ግማሽ በግማሽ ተዘግታ፣ ቱቦውም አርጅቶ ሽታ ጠጥቶ ስለነበር ነው።

"አባትሽ አውቀውብኛል" አለኝ። "አውቀው ሐይቁ ረጨኝ ብለው ሸፈኑልኝ። ከእንግዲህ በየት ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

ለሱም የምለው ነበረኝ። አላልኩትም።

በረከት መተንፈሻዋን ጠረገ፣ ቱቦውን ቀየረ፤ የሐይቅ ውሃ ቱቦው ውስጥ አድሮ እንዳይበሰብስ ሥራ ሲጨርስ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ጀመረ። ሽታው ጠፋ። አባቴ ግን በየቀኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ነገር ተሠራለት?" ይለኛል።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ የበረከት አጎትና ሁለት የሰፈሩ ሰዎች። በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። ከዘመድ እንመካከር ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል። እነሱም ለመመላለስ ተዘጋጅተው ነበር። አባቴ ግን ንግግራቸውን እንኳ ሳያስጨርስ "ሰጥቻለሁ" አለ። አጎቱ ደንግጦ በመንገድ ላይ "ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ሲል እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁት አባቴ "ልጁ ገመና ይሸፍናል" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረም። ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወሸቅሁት።

ተጋባን። እንደነሱ የሚከባበሩ አማትና አማች አይቼ አላውቅም። አባቴ በረከት ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል፤ በረከት ደግሞ የአባቴን ጫማ ካልጠረግኩ ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ልንገራቸውና ልገላገል እላለሁ። መልሼ፣ ምን በወጣኝ እላለሁ። እንዲህ ሆነው ሳያቸው ደስ ይለኛል፣ ልዋሽ አልችልም።

ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ስንነሳ አባቴ በረንዳ ላይ ጠራኝ። "ባልሽ ትልቅ ሰው ነው" አለኝ። "ሁሉን እያወቀ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም።" ወደ ውስጥ ስመለስ በረከት እጁን እየታጠበ፣ "አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው" አለኝ። "ሁሉን እያወቁ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም።"

ለሁለቱም "እውነትህን ነው" አልኳቸው።