ጤነኛ አስታማሚ

የዚያን ክረምት ከተማችንን መቱን ሳስባት ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰዉ ከአፍንጫው በታች በጭንብል፣ ከተማው ከዛፎቹ ጫፍ በታች በጉም ተሸፍኗል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይውላል። ልንቃ ላሸልብ ለራሴም የማይለይልኝ ጊዜ ነበር። እናቴ በወረርሽኙ ተይዛ ለብቻ በተለየው ክፍል ተኝታለች፤ ለአንድ በሽተኛ የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ልጇ ነኝ። ግራ እግሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስለማይታዘዘኝ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው።

የሆስፒታሉ ግቢ በር ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ አቁመዋል። እጅ ቧንቧ እንዳይነካ የተፈለሰፈ ብልሃት ነው፤ የፈለሰፈው ሰው ግን ሁለት ደህና እግር ነበረው። በደህናው እግሬ ፔዳሉን ልርገጥ ብል በክራንቾቼ መንጠልጠል አለብኝ። ከተንጠለጠልኩ ደግሞ የምታጠበው እጅ የለኝም። ጥበቃው ልጁን ያስተማርኩለት ሽማግሌ ነው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ መምህር? ሳይታጠቡ ግን ማስገባት አልችልም።»

«እርስዎ ይርገጡልኛ፣ ጋሼ።»

«ሁለት እርምጃ ራቁ ተብለናል እኮ!»

ደሜ ፈላ። አንድ እጄን ወደ ዝናቡ ዘረጋሁና «ይኸው፣ እግዜር እያስታጠበኝ ነው!» አልኩት። ዓይኖቹ ሳቁ። ትንሽ አሰበና፣ ሁለት እርምጃውን ሳያጓድል ዱላውን ዘርግቶ ፔዳሉን ተጫነልኝ። አጥሩን ተደግፌ ታጠብኩ።

ውስጥ ሲስተሯ ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ለብሳ ቆማለች፤ ከጉሙ ተቆርሳ የመጣች ትመስላለች። እኔን አየት አደረገችና ስንቅ ልታደርስ ወደመጣችው ጎረቤታችን ዞረች።

«እማማ ጤነኛ አስታማሚ የላቸውም? ተነስተው መገላበጥ አለባቸው። እሱ እንዴት አድርጎ ያነሳቸዋል?»

«እሱ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጎረቤታችን ደግ ናትና «እኔ እገባለሁ» አለች። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ የእነሱ ነገር አይደለም፤ እኔም በእሺታ ራሴን መነቅነቄ ነው። ዕድሜ ልኬን ለተማሪዎቼ ማንም ከማንም አያንስም ስል ኖሬ፣ እዚያች ኮሪደር ላይ በገዛ ዓይኔ አነስኩ። ያን ቀን ከክፍሉ ደጃፍ ብመለስ ኖሮ እናቴን ዳግመኛ አላያትም ነበር።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር እናቴ ሁሉንም ሰምታለች። የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ ገለል አደረገችው።

«እማማ፣ አያውልቁት!» ብላ ሲስተሯ ሮጠች።

«የታመምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ፣ ልጄ?» አለች እናቴ፣ ትንፋሿን እየለቀመች። «እኔን ለምን አትጠይቂኝም? ማንሳቱን እናንተ አንሱኝ፣ ሥራችሁ ነው። እሱ ያጫውተኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ።» ና፣ ልጄ፣ ማለቷ ነው።

ሲስተሯ ጭንብሉን መልሳ አጠለቀችላት። ቀጥላ የአስታማሚውን ወረቀት አወጣችና ስሜን እኔኑ ጠየቀችኝ። እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ ባልደረባዋን አስከትላ እየመጣች እናቴን ታነሳት፣ ታገላብጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደክሟት ነው።

አራት ቀን አወጋን። ኦክስጅኑ ሽሽሽ ይላል፣ መስኮቱ ላይ ጉም ተኝቷል፣ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቃል በቃል፣ በቀስታ ታወራለች። የትኛውን እሷ ነገረችኝ፣ የትኛውን በእንቅልፍ ልቤ አየሁት፣ ዛሬ መለየት ያቅተኛል። የመጨረሻውን ግን አውቀዋለሁ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እግሬን ያመመኝ ሰሞን ከያዮ አዝላኝ ወደ መቱ ሐኪም ቤት የመጣችበትን ቀን ጀመረችልኝ። መንገዱ ጭቃ፣ መኪና የለም። በቡናው ጫካ ውስጥ እሷ ትራመዳለች፣ እኔ በትኩሳት ጀርባዋ ላይ አሸልባለሁ።

«ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ አየህና፣ ነጭ ጅራታቸውን፣ ‹እማዬ፣ ደመና እየወደቀ ነው› አልከኝ።» ፈገግ አለች። «ወንዙ ጋ ስንደርስ...»

ትንፋሽ ልትወስድ መስሎኝ ጠበቅኳት።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አልኳት። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ወሬው ላይ እኔ ገና ጀርባዋ ላይ ነኝ፤ መቱ አልደረስንም።