«ነግሬያታለሁ»

ሰብለ ወንጌል ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ በተከራየችው ቤት የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና የካህናት ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። ባለቤቷ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ስለሚያገለግሉ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው በጀልባ ይመለሳሉ። የቤቱም፣ የልጃቸው የጸሎትም ጣጣ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው።

ጸሎት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሆዷ ይደርቅባታል። ቁርጠቱ ሲነሳባት ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ድፍት ትላለች። ተልባውም ጠበሉም ተሞከረ። በመጨረሻ ሰብለ ስንት ጊዜ ተመላልሳ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አገኘች።

ያን ሰሞን ሲና መጣች። ሲና የጸሎት የክርስትና እናት ናት፤ ከሰብለ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ እንደ እህትማማች ነበሩ። አሁን በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል ኤም አር አይ ክፍል ውስጥ ትሠራለች።

«ቀጠሮውን ተይው» አለቻት። «እኛ ጋ ከአዲስ አበባ የመጣ ዶክተር አለ። የልጆች አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በማሽኑ ያያል። ጨረር የለው፣ መርፌ የለው። ይቺን ልጅ የሚያድናት እሱ ነው።»

«ሁለቱም ጋ ባሳያትስ?»

«እኔ እያለሁ ለምን ትንከራተቻለሽ?»

ሰብለ ቀጠሮውን ተወችው።

ዶክተር አንዳርጋቸው ትሑት ሰው ነው። ወንበር ስቦላት «ስለ ምርመራው ላስረዳዎት» ብሎ ሲጀምር፣ ሲና ከበሩ ላይ ሆና «ነግሬያታለሁ ዶክተር፤ ሁሉንም ታውቃለች» አለችው። «እውነት ተረድተውታል?» ሲላት ሰብለ ጓደኛዋን ላለማሳፈር ራሷን ነቀነቀች።

ጸሎት አንጀቷ በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይ በባዶ ሆዷ የአናናስ ጭማቂ ጠጥታ ማሽኑ ውስጥ ገባች። ማሽኑ ሲንቀጫቀጭ «ትንፋሽሽን ያዢ… በቃ፣ ልቀቂ» የሚለው የሲና ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ይመጣላታል። የምታውቀው ድምፅ ስለሆነ አልፈራችም። በኋላ ዶክተሩ ለሰብለ ምስሉን አሳያት። ቀጭኑ አንጀት እየተኮማተረ እየተፈታ ይንቀሳቀሳል፤ ወፍራሙ ግን ተኝቷል፣ ንቅንቅ እንኳ አይልም። ሰብለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በቃ፣ በሽታው ተገኘ ብላ አሰበች።

እስከ ክረምቱ መግቢያ ተመላለሱ። መድኃኒት ግን አልታዘዘም። ስትጠይቅ ሲና «ሲጨርሱ ነው የሚያዙት» ትላታለች። ልጅቷ ምግብ እያስጠላት ከስታ አንገቷ ቀጠነ።

በመጨረሻው ቀን ዶክተሩ ለጸሎት ባለ ቀለም እርሳስ ሰጥቶ «ጨርሰናል፣ እናመሰግናለን» አለ።

«መድኃኒቱስ ዶክተር?»

ግራ ገባው። «ይሄ ጥናት ነው እኮ። እኛ አንጀቱን እናያለን እንጂ አናክምም። ሕክምናዋን ሌላ ቦታ እየተከታተለች ነው ብላኝ ነበር ሲና።»

ሰብለ ዞር ብላ አየቻት። ሲና የማሽኑን አልጋ አንሶላ ማጠፍ ያዘች።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «ጥናት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«ሌሎቹ እናቶች ጥናት ሲባሉ ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ዶክተሩ ለጥናቱ የሚሆን ልጅ ጎድሎት ተጨንቆ ነበር፤ እኔ አመጣለሁ አልሁት። ደግሞስ ምኗ ተነካ?»

«ቀጠሮውን ተይው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ሆዷን እያሸሁ ሳድር ታውቂ አልነበር? እኔ አንቺን አመንሁ እንጂ ማሽኑን መቼ አመንሁ!»

ተከትሏቸው የወጣው ዶክተር አንዳርጋቸው በራሴ አፍ ልነግርዎት ይገባ ነበር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ምስሎቹን ይዞም ራሱ የሕፃናት ሐኪም ጋ ወሰዳቸው። በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት መድኃኒት ለልጅቷ ታዘዘላት፤ ከምግብ በኋላ መጸዳጃ ቤት ረጋ ብላ እንድትቀመጥም ተነገራት። ለመስቀል ሆዷ ለስልሶ ምግብ ጨምሩልኝ ማለት ጀመረች።

መሪጌታ ነገሩን ሲሰሙ «የክርስትና እናቷ ናት፤ ታረቂያት» አሉ።

«እታረቃለሁ። እርስዎ ግን አላዩም፤ ያን ሁሉ ጊዜ እየዋሸችኝ ልጅቷን ስትስማት እኔ እያየሁ ነበር።»

በጥምቀት ማግስት ሲና ለልጅቷ ቀሚስ ይዛ መጣች። ሰብለ በር ከፈተችላት፣ ምሳ አቀረበችላት። ጸሎት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሲና ፊቷ ፈካ አለ።

«ለአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት እኔ ጋ ትቆይ?»

«አይ፣ አባቷ ጋ ዘጌ ትሄዳለች» አለች ሰብለ፣ ዓይኗን ከስፌቱ ሳታነሳ።

ውሸቷን ነበር።